ወንድሜ ያልጨረሰው ድጓ

ታላቅ ወንድሜ ቤተ ልሔም በሚባለው የዜማ ትምህርት ቤት ድጓ ይማር ነበር። እዚያ ተማሪ የሚማረውን የድጓ መጽሐፍ በገዛ እጁ ይጽፋል። ወንድሜ የልደትን ክፍል መሐል ላይ አድርሶት ታመመ፤ ድጓውን ይዞ ቤት መጥቶ ሞተ። አርባው እንደ ወጣ መምህሩ የኔታ፣ «ድጓውን አምጣ፤ ሌላ ተማሪ ይጨርሰው» ብለው ላኩብኝ። እኔ የሌላ ሰው እጅ እንዲገባበት አልፈለግሁም።

የወንድሜ ስልክ ውስጥ አንድ የካርቱን ፊልም አለ። ንፋስ መውጫ ከተማ ያስጫነው ነው። ታሞ ተኝቶ ሳለ ደጋግሞ ያየው ነበር። «የሠራው ሰውዬ ሰማንያ አልፎታል፤ የመጨረሻዬ ነው ብሏል» ብሎኛል። ምኑን እንደ ወደደው ግን አልጠየቅሁትም። ከሞተ በኋላ ሦስት ጊዜ አየሁት። እንዴት እንደምናገረው አላውቅም። አንድ ሽማግሌ ሰማይ ይሰፋል፤ በመርፌ። ደረጃው በእግሩ እየሄደ ይመጣለታል። ዓሣ ግድግዳ ላይ ይራመዳል። በዚህ ሲሰፋ በዚያ ይተረተራል፤ እሱም መርፌውን የሚረከበው ሰው ይፈልጋል።

ቤተ ልሔም የሄድሁት ድጓውን ይተዉልኝ ብዬ ልለምን ነው። የኔታ ግን መጀመሪያ፣ «በሕመሙ ምን ያደርግ ነበር?» አሉኝ። ፊልሙን ከፈትሁላቸው።

«ይኼ ዓሣ ከውኃ ወጥቶ ምን ይሠራል?»

«እኔም አልገባኝ፣ የኔታ።»

«አሥራ ሁለተኛ ጨርሰህ?»

አጠገባቸው የተቀመጠው ተማሪ ሳቀ።

የፊልሙ መጨረሻ ላይ አንዲት ልጅ መርፌውን ትቀበላለች። ስፌቷ ጠማማ ነው። ሽማግሌው ያየዋል፤ አይፈታውም።

«ፊልሙን የሠራው ሰው ይህን ሁሉ ሥዕል ብቻውን ሣለው?» አሉ የኔታ።

«አይደለም። ከሥሩ ብዙ ሰዎች አሉ። እሱ ያርማቸዋል።»

«የእሱ እጅ የቱ ነው?»

ወደ ኋላ መልሼ ፈለግሁ። ሰማዩን አየሁ፤ ዓሣውን አየሁ። መለየት አቃተኝ።

«አይታወቅም፣ የኔታ። ፊልሙ ግን የእሱ ነው።»

ይህን ካልሁ በኋላ የመጣሁበትን ልመና ማንሳት ከበደኝ። ድጓውን ከነጠላዬ ፈትቼ ሰጠኋቸው። እሳቸውም ለዚያው ለሳቀው ተማሪ አቀበሉት።

ተማሪው ገልጦ ወንድሜ ያቆመበትን አገኘ።

«በአዲስ ገጽ ልጀምር?» አለኝ። አሁን አይስቅም።

«የለም። እዚያው መስመር ላይ።»

መቃ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ። ፊደሉ ከወንድሜ ምን ያህል እንደሚለይ ለማየት ተጠግቼ ተቀመጥሁ። ትንሽ ወፈር ይላል።