የባትሪ እድር ዳኛ

አደጋው የደረሰው በያሆዴ፣ በሀዲያ ዘመን መለወጫ ዋዜማ እንደነበር ገነቴ አትጠራጠርም። የምትጠራጠረው ዓመቱን ነው። «አሥራ አራት ዓመተ ምሕረት ነው» ትላለች፤ ቆም ብላ ደግሞ፣ «አይ፣ አሥራ አምስት ሳይሆን አይቀርም። አዶናይ ትምህርት ልትጀምር ቦርሳ ገዝተንላት ነበር። ወይስ ቦርሳው የፊተኛው ዓመት ነው?»

ባሏ ሚክያስ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ በርና ቁም ሣጥን የሚሠራ አናጺ ነው። ያን ቀን ለበዓሉ ብሎ ወርክሾፑን ጠረገ፤ የአሮጌው ዓመት ጉድፍ ወደ አዲሱ አይሻገርምና። ሰጋቱራውን በጆንያ ሲያጭቅ ከጠረጴዛው ሥር ወድቀው የከረሙትን ሦስት የድሪል ባትሪዎችም አብሮ ከተተ። አብጠዋል፤ ቻርጅ መያዝም ትተዋል። የሞተ ባትሪ ምን ያደርጋል ብሎ ነው። አመሻሽ ላይ ጆንያውን ደጅ በሚነደው እሳት ላይ ዘረገፈው። ልጆቹ ችቦ ይዘው እየዘፈኑ ይዞሩ ነበር። ባትሪዎቹ ፈነዱና የተስፈነጠረ የጋለ ብረት የልጁን የአዶናይን ግራ ዓይን መታ። አዲስ አበባ ድረስ ወሰዷት፤ ዓይኑ አልተረፈም።

ከዚያ ወዲህ ሚክያስ ከድሪል የወጣ ባትሪ ሳይቀዘቅዝ ቻርጀር ላይ አይሰካም። ቻርጀሩን ሲሚንቶ ላይ፣ ከእንጨትና ከስፖንጅ አርቆ ያስቀምጥና እንደ አስታማሚ አጠገቡ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሌላው አናጺ መብራት ሲጠፋ፣ «ሲመጣ ይሞላል» ብሎ እንደተሰካ ትቶት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እሱ ነቅሎ ነው የሚሄደው። የሌሎችንም የሞቱ ባትሪዎች ይለቅማል። አፋቸውን በናስትሮ ይሸፍንና ግቢው ጥግ በቆመ በርሜል ውስጥ አሸዋ ያለብሳቸዋል።

መናኸሪያው አጠገብ መሣሪያ የሚሸጠው ሳዲቅ ባየው ቁጥር ይለክፈዋል።

«የባትሪ እድር ዳኛ መጣ፤ ወንበር ልቀቁለት።»

«እድር ቢኖርማ መቅበሪያ ይሰጠኝ ነበር» አለው ሚክያስ አንድ ቀን። «በርሜሉ ሞላ። አንተ ትሸጣለህ፤ የሞተውን ማን ይወስዳል?»

«እኔ ወንድሜ፣ አዋላጅ ነኝ እንጂ ቀባሪ አይደለሁም።»

ሰዉ ሳቀ። ሚክያስም ፈገግ አለ፤ አብራው የነበረችው ገነቴ ግን ፈገግታው ከልቡ እንዳልሆነ ከፊቱ አወቀች።

እሷን የሚከነክናት በርሜሉ አይደለም። ያሆዴ በመጣ ቁጥር ሚክያስ ሥራ አገኘሁ ብሎ ወደ ጊምቢቹ ወይም ወደ ሺንሺቾ ይሄዳል፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው የሚመለሰው። የቤቱን ችቦ በእሱ ፈንታ የሚለኩሰው ጎረቤት ነው። ዘንድሮ አዶናይ ጠየቀቻት።

«እማዬ፣ አባባ የሚሸሸው እኔን ነው?»

«ኧረ እሳቱን ነው።»

«እንግዲያው ችቦውን ሲለኩስ እኔ አጠገቡ እቆማለሁ በይው። እኔ አልፈራም።»

ገነቴ እነግረዋለሁ አለች። ቀኑን ሙሉ አፏ ላይ እያመላለሰችው፣ እራት ላይም ሳትነግረው ቀረች። ፊቱ ሲጠቁር ማየት ፈራች። በማግስቱ ጠዋት ስትነሳ የመሣሪያ ሳጥኑ ቦታው ላይ የለም። ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳትለብስ ባጃጅ ይዛ መናኸሪያ ደረሰች።

የሺንሺቾው ሚኒባስ ሞልቶ ረዳቱ በሩን እየዘጋ ነበር። ሚክያስ በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል። «ሚኪ!» ብላ ተጣራች፤ ድምፅዋ ከጥሩምባው በታች ቀረ። እጇን ከፍ አድርጋ ቁም አለችው። እሱ ልትሸኘው የመጣች መስሎት ደስ አለው፤ መኪናው ሲንቀሳቀስ እጁን አውጥቶ፣ እስከ መታጠፊያው ድረስ አውለበለበላት።