ዋይፋዩ የጾመበት ነሐሴ

ልጄ ወሬኛ መሆኗን ያወቅሁት ካደገች በኋላ ነው። እኔ ጥቂት ቃል ይበቃኛል፤ እናቴም እንዲሁ ነበረች። እሷም በእኛ የወጣች ዝምተኛ ትመስለኝ ነበር። በሕፃንነቷ የያዛት ብርቱ ትኩሳት ነፍሷን ትቶልኝ ጆሮዋን ወሰደ፤ የሚጥል በሽታም ጥሎባት ሄደ። ተመስገን አልኩ። በዚያ ክረምት ከጎረቤት ልጆች መካከል ያልተነሡ ነበሩ።

እኔ የምኖረው ሽንፋ ነው፤ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋ ለሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ እኛ ሳሉግ ለምንላቸው፣ ምግብ እየሠራሁ። ቀኑን ሙሉ እሳት ፊት የምትቆም ሴት የሚጥላትን ልጅ አጠገቧ ይዛ መዋል አትችልም፤ ትታትም መሄድ አትችልም። እንዲሁ ሳለሁ ገንዳ ውኃ ላይ እንደሷ ያሉ ሴቶች በአንድ ግቢ የሚኖሩበት ቤት ተከፈተ። የምታውቀኝ የጤና ባለሙያ አስመዘገበችልኝ። በቤቱ አራት ሴቶች አሉ፤ አንዲት ተንከባካቢ አብራቸው ታድራለች። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ትሰጣለች፣ ገበያ ታወጣቸዋለች፣ የሚችሉትን ራሳቸው እንዲሠሩ ትተዋለች። ልጄ እዚያ ሽንኩርት መክተፍ፣ ልብሷን ማጠብ፣ ብቻዋን ሱቅ ደርሳ መመለስ ለመደች።

ቤቱን የከፈተው ማኅበር ኪራዩንና የተንከባካቢዋን ደመወዝ ይችላል። ኢንተርኔት ግን እሱ ከሚችለው ውጭ ነበር። በስልክ የሚመጣው ዳታ አንድ ቀን አለ፣ ብዙ ቀን የለም። ተንከባካቢዋ ለቤተሰቦቹ ደውላ የመስመር ዋይፋይ እንድናስገባ ጠየቀችን።

"ለምናቸው ነው?" አልኳት።

"መጥተው ይዩት፣ እማማ።"

መጥቼ አየሁ። እነሱ ቤት መስመሩ ገና አልገባም ነበርና ተንከባካቢዋ ዋይፋይ ያለው አንድ ሻይ ቤት ወሰደችን። ስልኩን ከስኳር ጣሳ ጋር አስደግፋ ልጄን ፊቱ አስቀመጠቻት። በስልኩ ውስጥ አንዲት መስማት የተሳናት ወጣት ታየች። ልጄ ጎንደር መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት በቆየችባቸው ሁለት ዓመታት አብራት የተማረች ጓደኛዋ ናት፤ አሁን ጎንደር አንድ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች። ልጄ ስታያት እጆቿ ተነሡ። አላረፉም። ትከሻዋ፣ ቅንድቧ፣ ጉንጯ ሁሉ ያወራል። እዚህች ልጅ ውስጥ ይህ ሁሉ ወሬ የት ተቀምጦ ነበር አልኩ በልቤ።

የጓደኛዋ ታናሽ እህት ትሰማለች፤ እዚያው ስፌት ቤት ነው የምትሠራው። የምልክቱን ቋንቋ ከእህቷ ለምዳለች፤ በስልኩ ውስጥ ከአጠገቧ ብቅ አለች።

"ምን እያለች ነው?" አልኳት።

"ሁሉንም ልንገርዎት፣ እማማ?" አለች እየሳቀች።

"ንገሪኝ።"

"የእናቴ ወጥ ጨው ይበዛዋል፤ ሠራተኞቹ ግን ደጋ የለመዱት ጨው የሌለው ሽሮ ስለሆነ ድግስ ይመስላቸዋል ትላለች።"

ሻይ ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በወሬዋ መካከል ልጄ ደጋግማ ሁለት ጣቶቿን አንሥታ ከንፈሯን ቆንጠጥ ታደርጋለች። እሱስ ምንድን ነው አልኩ።

"እሱ እርስዎ ነዎት። ስምዎ ነው። አፏን የዘጋችው ማለት ነው።"

ቤት ስመለስ በመንገድ ሁሉ ያንን ስም አሰብኩት። ስም እንዳወጣችልኝ እንኳ አላውቅም ነበር።

ዋይፋዩ ገባ። ክፍያውን እንደ ጽዋ ማኅበር በተራ አደረግነው። በየወሩ አንድ ቤተሰብ ይከፍላል፤ ተራው የደረሰው በከፈለበት ቀን ለቤቱ ዳቦ ይዞ ይመጣል። ማንም ተራውን አላሳለፈም። የዋይፋዩን ሳጥን ግድግዳው ላይ ከሥዕለ አድኅኖው ዝቅ አድርገው ሰቀሉት። ልጄ ጠዋት ጠዋት አቧራውን በጨርቅ ትጠርግለታለች፤ አረንጓዴ መብራቱን አይታ ራሷን ነቅነቅ ታደርግለታለች፣ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው። ከሰዓት በኋላ ስፌት ቤቱ ሥራ ሲቀዘቅዝ ከጓደኛዋ ጋር ታወራለች። ለእኛም ጠቀመን። ተንከባካቢዋ በእጇ የምታውቀው ብይ፣ ተኚ፣ ነዪ የመሰለውን ነው። ከዚያ የጠለቀ ነገር ሲመጣ፣ ሐኪሙ ኪኒን ሲቀይር ወይም እኔ መምጣት ሳልችል ስቀር፣ ለጓደኛዋ እህት ይነገራታል፣ እሷ በስልኩ ለልጄ በእጅ ታስረዳታለች። ልጄ ነገር የሚገባት በዚያ በር ብቻ ነበር።

የሐምሌ መጨረሻ ላይ ቤተሰቦች ተሰበሰብን። የመጪው ነሐሴ ተራ የእኔ ነበር። ክረምቱ ከብዶ፣ ዝናቡ ሰሊጡን በቡቃያው አስተኝቶት፣ ሠራተኞቹ ገሚሱ ወደ አገራቸው ተመልሰው ነበር። የምመግበው ሰው ጥቂት ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

የአንደኛዋ ልጅ አባት ትራክተር ነጂ ነው። አብደራፊ ሲያርስ ይከርማል፤ ሲመጣ ቀልዱን ይዞ ነው የሚመጣው። ወደ ሳጥኑ እያየ፣

"እኛ ወተቱንም ሥጋውንም ትተን ይኼ ብቻውን ሲገድፍ ይክረም? ፍልሰታ ነው፣ ይጹም እንጂ። ክርስቲያን ቤት እኮ ነው የተሰቀለው" አለ።

የሌላዋ እናት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። "ሱባኤ የሚገባው ሰው ነው እንጂ ሽቦ አይደለም" አሉት። "አንተስ ትራክተርህን መቼ አስጹመኸው ታውቃለህ?"

"ናፍጣ በጠፋ ቁጥር ይጾማል፣ መምህር። አክፋይ ነው እንዲያውም።"

ተሳቀ። ቀልዱ ግን ቀልድ ሆኖ አልቀረም። አንደኛዋ ልጅ ቀኑን ሙሉ ጭፈራ ስታይ ትውላለች፣ በጾም እንኳ ብትተው ተባለ። እውነት ነው ተባለ። እስከ ፍቺው ይዘጋ፣ ከዚያ የመስከረም ተራኛ ቀደም ብሎ ይክፈተው ተባለ። ተንከባካቢዋ ወደ እኔ ዞረች።

"የእርስዎ ልጅስ? የምታወራው በሱ ነው።"

ሁሉም አየኝ። መምህርቷ እንድናገር እየጠበቁኝ ነበር፤ አንድ ቃል ብናገር ይደግፉኝ ነበር።

"ሁለት ሳምንት አይደል?" አልኩ። "ትችለዋለች። ለጓደኛዋም በስልክ ይነገርልን።"

ሽንፋ ገብቼ በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሳልለምንሽ አቀለልሽልኝ ብዬ እመቤቴን አመሰገንኳት። ተራዬ በጾም ስለተዘለለልኝ ነው ያመሰገንኩት። በልቤ ደግሞ ጾሙን ያጠበቅን መስሎኝ ነበር።

ለጓደኛዋ ተደውሎ ተነገራት፤ ለእህቷ በድምፅ፣ ከእህቷ ለእሷ በእጅ። ልጄ ብቻ ቀረች። ለእሷ የምንነግርበትን በር ነው የዘጋነው፤ ማናችንም አላሰብነውም። ሳጥኑ መብራት ሲያጣ ወደ ተንከባካቢዋ ሄዳ ጎትታ አመጣቻት፤ አሳየቻት። ተንከባካቢዋ እንደምታውቀው አደረገች፤ አማተበችና መዳፏን አፏ ላይ ከደነች። በዚህ ምልክት ሁልጊዜ ጾም ነው ትላታለች። ልጄ ሳጥኑን አየች። እሷም መዳፏን አፏ ላይ ከደነች፤ ገባኝ ማለቷ ነው። ተንከባካቢዋ ደስ አላት።

የገባት ግን እንዲህ ነበር፤ ይህን ሁሉ በኋላ ነው የሰማነው። ሳጥኑ ጾም ከያዘ የሚፈታው ጾሙ በደንብ ሲጾም ነው። እኔ እየበላሁ እሱ ለማን ብሎ ይከፍትልኛል አለች። እስከ ቅዳሴ መውጫ ወደ አፌ ምንም አላስገባም አለች። በሽተኛ ነሽና ጾሙ አይጠናብሽም ብለው ካህኑ ከዓመት ዓመት ነፃ ያደረጓትን ልጅ፣ ማን መልሶ ያስረዳት? ቁርሷን አብረዋት ለሚኖሩት ሴቶች ታሳልፋለች። የጠዋት ኪኒኗን ከምላሷ ሥር ትይዝና ተንከባካቢዋ ዞር ስትል አውጥታ ትራሷ ውስጥ ትጨምራለች። ከሰዓት ዘጠኝ ሲሆን ከሳጥኑ ሥር ወንበር ይዛ ትቀመጣለች፣ መብራቱን ትጠብቃለች። ተንከባካቢዋ ጓደኛዋ ናፍቃት ነው ብላ ታዝንላታለች፣ ጀርባዋን ትዳብሳታለች።

በሱባኤው አጋማሽ ሽንኩርት ስትከትፍ ጣላት። የከሰሉ ምድጃ አጠገቧ ነበር። ቀኝ እጇ ፍሙ ላይ አረፈ።

ሲደወልልኝ ዝናብ ነበር። መኪናው ጭቃ ይዞት ሁላችንም ወርደን ገፋነው። ሆስፒታል ስደርስ እጇ ተጠቅልሎ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ስትጾም መሰንበቷን ተንከባካቢዋ ከቤቱ ሴቶች ሰምታ ነገረችኝ። አየችኝና ግራ እጇን አንሥታ ከንፈሯን ቆንጠጥ አደረገች። እጇን ያዝኩት። መዳፌን አፌ ላይ ልከድን፣ ራሴን ልነቀንቅ፣ አይደለም ልላት ፈለግሁ፤ ያንን ባደርግ እንደገና ጹሚ የምላት እንዳይመስላት ፈራሁ። እጇን እንደያዝኩ ቆየሁ። ተንከባካቢዋ ትራሱን ስታራግፍ ኪኒኖቹን ያገኘቻቸው በዚያ ቀን ነው፤ እያለቀሰች ነገረችኝ። የምቆጣት መስሏት ነበር። በምን አፌ?

ፍቺው እስኪደርስ አልጠበቅንም። ትራክተር ነጂው በዚያው ቀን ሄዶ መስመሩን አስከፈተ፤ ተራው አልነበረም። ሲመለስ ቀልድ አልያዘም። መምህርቷም ነግሬያችሁ ነበር አላሉም። አመስግኛቸዋለሁ።

ልጄ ቤት ስትገባ ሳጥኑ አረንጓዴ ነበር። ቆማ አየችው። ወደ እኛ ዞራ በተጠቀለለው እጇ ወደ ራሷ ጠቆመች፤ ሥራዋ ነው፣ እሷ አስከፈተችው። ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

ለጓደኛዋ ደወልን። ልጄ በግራ እጇ ታወራለች። እህትየዋ እየሰማናት ትተረጉማለች፤ የኪኒኑን፣ የትራሱን፣ የሳጥኑን ምክንያት የነገረችን ያኔ ነው። ከዚያ መተርጎሙን አቆመች።

"ምን አለች?" አልኩ።

"የዘጋው ማን ነው ትላለች።"

ተንከባካቢዋ ልትመልስ ስትል ያዝኳት።

"ዝጉት ሲሉ እሺ አልኩ በያት። ተራው የኔ ነበር፤ ገንዘብ አልነበረኝም፤ አፍሬ አልተናገርኩም። ለእግዚአብሔር ብዬ ብቻ አልነበረም በያት። ጾሙን ሳጥኑ አልያዘውም፤ አንቺም መያዝ አልነበረብሽም በያት።"

በሕይወቴ ለልጄ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ታናሿ ለእህቷ ስትነግር፣ እህቷ ለልጄ ስትነግር እጆቻቸውን አየሁ። ረዥም ነበር። ልጄ ወደ እኔ አላየችም። ስለ ሆስፒታሉ ምግብ ማውራት ጀመረች፤ ጨው የለውም አለች።

እጇ ዳነ፣ ተመስገን። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ግን ቆዳቸው ተኮማትሮ ደርቋልና እንደ ድሮው አይታዘዙም። ወሬዋ አሁን እንደሚንተባተብ ሰው ሆኗል፤ ጓደኛዋ አንዳንዴ ድገሚልኝ ትላታለች። ትደግማለች። ግራ እጇን አትወድም፤ በቀኙ ነው የምታወራው።

ከዚያ ወዲህ ነሐሴ ሲደርስ ተራዬ ሆነም አልሆነም እኔ ነኝ የምከፍለው። ትራክተር ነጂው አንድ ጊዜ "ስለት አለብዎት እንዴ፣ እናቴ?" አለኝ። አለብኝ አልኩት። ዳቦውንም እወስዳለሁ፤ ጾም ነውና ያለ ቅቤ። ከልጄ ጓደኛ እህት ጥቂት ምልክት ተምሬአለሁ። እጄ ወፍራም ነው፣ ቶሎ አይይዝም። ልጄ ስታየኝ ትስቃለች።

ስለ ብዙ ነገር አመስግኜ አውቃለሁ፤ በሁሉም አልጸጸትም። ያችን የፍልሰታ ምስጋና ብቻ እመቤቴ አልሰማኋትም ብትለኝ ደስ ይለኛል።

ልጄ ስትጠራኝ ዛሬም ሁለቱን ጣቶቿን ወደ ከንፈሯ ታመጣለች። አይገጥሙም። ከንፈሯ በመካከላቸው ክፍት ይቀራል። ጓደኛዋ በስክሪኑ እያየች ታርማት እንደሆነ እጠብቃለሁ፤ አታርማትም። ስሜ እንዲያ ሆኗል።