አስር ጣት፣ ከዚያም ዘጠኝ

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ያሰረኝ ቀድሞ የበቅሎ ጋጥ በነበረ ቤት ነው። መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ብቻ ስለነበር አብረን የታሰርን ሴቶች ከሚያልፍ ሰው የምናየው እግሩን ብቻ ነበር። ጥፋቴ ለአርበኞች በሶ ማዘጋጀቴ ነው። ወታደሮቹን ይጁቤ አጠገብ ካለው ቤቴ ድረስ መርቶ ጎተራዬን በጣቱ ያሳያቸው የመንደራችን ሰው ነበር። የዓመት ልጄን ለእናቴ ሰጥቼ ወጣሁ።

በሦስተኛው ወር ያው ሰው ራሱ ታስሮ መጣ። ከጎናችን አስገቡት፤ የሚለየን ጣውላ ነው።

«ምን አድርጎ ነው?» አልኩት ውኃ የሚያቀብለንን ዘበኛ።

«ዕድሜዋ ያልደረሰ ልጅ ወስዶ። አስራ ሁለት ዓመቷ ነው አሉ።»

የማን ልጅ እንደሆነች ሲነግረኝ አወቅኋት። አብሮ አደጌ ናት። በአንድ ቀን ተወልደን፣ በሰማንያ ቀናችን አብረን ክርስትና ተነሥተናል። እኔ ያኔ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እሷ አጭርና ቀጭን ስለሆነች ልጅ ትመስላለች እንጂ እኩያዬ ናት። የጣሊያኑ አስተርጓሚ ለሚስትነት ጠይቋት እምቢ እንዳለችው ደግሞ አገር ያውቃል።

በማግስቱ ጠዋት አስተርጓሚው በሩን አስከፈተ።

«የልጅቷ መንደር ሰው ስለሆንሽ ነገ ችሎት ለምስክርነት ትቀርቢያለሽ። አስራ ሁለት ዓመቷ ነው ትያለሽ፤ ከዚያው ወደ ልጅሽ ትሄጃለሽ።»

«ሰውየውስ?»

«እሱማ አይመለስም። ያስያዘሽ እሱ አይደል? ምን ገደደሽ?»

ሲሄድ አብራኝ የታሰረችው ባልቴት ክንዴን ያዘች። «አንቺ ሞኝ፣ ምን ያስተክዝሻል? በይውና ልጅሽን እቀፊ!»

ጡቴ ገና አልደረቀም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከጣውላው ማዶ ድምፅ መጣ።

«እህቴ…»

«እህትህ አይደለሁም።»

«ዕድሜዋን ታውቂዋለሽ። ወዳ ነው የመጣችው።»

«አንተም ጎተራዬን ታውቀው ነበር።»

ከጣውላው ሲርቅ ሰማሁት።

ችሎቱ ላይ ቀድማ የተጠየቀችው ልጅቱ ነበረች። «አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ወድጄ ነው የሄድኩት» አለች። አስተርጓሚው ረጅም ነገር ተናገረ። ጣሊያናዊው ዳኛ ሕፃን እንደሚያይ ሁሉ በሐዘን አያት። ያኔ ገባኝ፤ የእኔም ቃል የሚያልፈው በዚያው አፍ ነው።

ተራዬ ሲደርስ አፌን አልከፈትኩም። ሄጄ ከልጅቱ ጎን ቆምኩ። እሷን አሳየሁ፤ ራሴን አሳየሁ። አስር ጣቶቼን ዘረጋሁ፤ አጠፍኋቸው፤ ከዚያ ዘጠኝ ዘረጋሁ።

«ተናገሪ እንጂ! ዲዳ ነሽ?» አለ አስተርጓሚው።

እንደገና አስር፤ እንደገና ዘጠኝ። ዳኛው ብዕሩን አስቀምጦ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆጠረ። ከዚያ የራሱን ጣቶች አንሥቶ አስር፣ ዘጠኝ አሳየኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ዘወር አለና ሌላ አስተርጓሚ አስጠራ። ልጅቱ ቃሏን ደገመች፤ አሁን ግን እንዳለችው ለዳኛው ደረሰ።

ሰውየው በሳምንቱ ተፈታ። ሲያልፍ እግሩ በራችን ላይ ቆመ።

«ምን ልበልሽ?»

«ምንም። ሂድ።»

እኔን ያ አስተርጓሚ ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ አላስፈታኝም። ቤቴ ስደርስ ልጄ እናቴን «እማ» ይላት ነበር፤ እኔን ሲያይ ከኋላዋ ተደበቀ።

የልጅ ልጆቼ «ባንዳ አዳንሽ» እያሉ ይነዘንዙኛል። ጎተራዬን ስላሳየ ዛሬም ይቅር አላልኩትም። ባላደረገው ግን አይቀጣም። ጣቶቼ በሪህ ጎብጠዋል፤ አሁን ዘርጊያቸው ብባል አልችልም። ያን ቀን ግን ልጅቱ አስራ ሁለት ዓመቷ ቢሆን ኖሮ አስር ዘርግቼ ሁለት እጨምር ነበር፤ ተከሳሹ የገዛ ወንድሜም ቢሆን።