እሁድ እሁድ አልነሳም ያለችው የሣር ማጨጃ

ዛሬ ጠዋት ሮቫ ዩድ ዛይን ሠፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ሻይ ስጠጣ፣ ከታች ከመናፈሻው አንድ የሣር ማጨጃ ሲያስል ሰማሁ። እንደ ትራክተር ተቀምጠው የሚነዱት ዓይነት ነው። ሹፌሩ ቁልፉን ያዞራል፤ ሞተሩ እኸ እኸ ይልና ዝም። በሰው ችግር ፈገግ ስል ባለቤቴ ያዘችኝ።

ከሠራዊት እንደ ወጣሁ እኔም እንዲህ ያለች ማጨጃ ነበረችኝ። ማሽኗ የቀብላኑ የዮሲ፣ የአሠሪያችን ናት፤ ወንበሯ ግን የኔ። ሣር በእጅ ከመሰብሰብ ወጥቼ እዚያ ስቀመጥ ንጉሥ የተቀባሁ መሰለኝ። በሮቫ ቴት ሕንጻዎች መካከል ስነዳት ከየበረንዳው ልጃገረድ ሁሉ እኔን የምታይ ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚያዩኝ በጩኸቷ ሕፃናት የነቁባቸው እናቶች ናቸው።

ጊዜው ከፋሲካ በፊት ነበር። ዝናብ የጠገበው ሣር እኔን ሊውጠኝ ደርሷል፤ የብርቱካን አበባ ሽታ ከባሕሩ ጨው ጋር ተደባልቆ ይመጣል። አብረውኝ የሚሠሩት አባ መኮንን ናቸው፤ የጎንደር ሰው፣ የአባቴ እኩያ። ምሳ ሰዓት ዳቧቸውን ከቃሪያ ጋር ያካፍሉኛል። ቃሪያቸው ዝሆን ያስለቅሳል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሌላ ቀን ቁልፉን ስነካው የምትነሳው ማሽን፣ የሥራው ሳምንት በሚጀምርበት በእሁድ ጠዋት ጢሜ እስኪያድግ ታስጠብቀኛለች። የባትሪውን ጫፎች ፈተግሁ፣ ካንዴላውን ቀየርሁ፣ የቆየውን ቤንዚን ደፍቼ አዲስ ቀዳሁ። ያው ናት! ዮሲ ትዕግሥቱ አለቀ።

"በመጪው እሁድም እንዲህ ከሆነች ወንበሩን ለሌላ እሰጠዋለሁ" አለኝ። እናቴ ደግሞ ልጄ ሹፌር ሆነ ብላ ለዘመድ ሁሉ አውጃለች።

እሁድ ደረሰ። ማልጄ ሰሜናዊው የኢንዱስትሪ ቀጠና ማሽኗ ወደምታድርበት የዮሲ ግቢ ሄድሁ። ታስላለች። ያልነካሁት የአየር ፊልትሮውን ብቻ ነበር፤ ሳወጣው እንደ ራሰ ዳቦ ሆኗል። የወረቀት ፊልትሮ ከራሰ አየር አያሳልፍም፤ ሞተር ያለ አየር ከየት ይነሳል?

"አባ፣ አርብ ዕለት ማሽኗን ነክተዋታል?"

"መንካት? በጎማ ውሃ አሳምሬ አጥቤያታለሁ እንጂ! በየአርቡ አጥባታለሁ። ሳምንቱን ሙሉ የለፋች ፍጥረት ከነእድፏ ሰንበት ትግባ?"

በእኛ በአይሁድ ዘንድ ሰንበት ቅዳሜ ነው፤ የሚገባውም ሰውም ልብስም ቤትም ታጥቦ ነው። ማሽን አይጨምርም ያላቸው ማንም የለም።

ወዲያው ዮሲ መጣ። "እህ፣ ዛሬስ?"

አባ መኮንን "እኔ እንዳጠብኋት ንገረው" አሉኝ፤ ዕብራይስጥ ስለማይዘልቃቸው አስተርጓሚያቸው እኔ ነኝ። እኔም ዓይኔን ሳላሽ "ጣሪያው አፍስሶባት ነው ይላሉ" ብዬ ተረጎምሁ። ሽማግሌ በአለቃ ፊት ላሳጣ?

ያን ያህል ግን አይጠፋቸውም። "ሎ! ሎ!"፣ አይደለም፣ አይደለም እያሉ በመካከላችን ገቡ። ደረታቸውን መቱ፣ የውሃውን ጎማ አነሡ፦ "አኒ! ማይም! ሻባት!" እኔ፣ ውሃ፣ ሰንበት።

ዮሲ ጎማውን አየ፣ ማሽኗን አየ፣ ከዚያ ሣቁ መሬት ላይ አስቀመጠው። "እናቴ በሰማች!" አለ እንባውን እየጠረገ። "እሷም ከሞሮኮ መጥታ አርብ አርብ የውጭውን በር ሳይቀር ታጥብ ነበር። ከእንግዲህ በጨርቅ ይወልውሏት በላቸው።"

አዲስ ፊልትሮ ስናስገባላት፣ ገና ቁልፉን ሳስብ ተነሳች። ወንበሩም ጸናልኝ። ከእሱ ወደ ፎርክሊፍት፣ ከዚያም ወደ ከባድ መኪና ተሻገርሁ፤ ልጆቼም በዚሁ አደጉ።

ሽማግሌ በጎረምሳ ፊት "እኔ ነኝ ያጠፋሁ" ማለቱ ስንት እንደሚመዝን የገባኝ እኔው ስሸብት ነው። ሻዬን ትቼ ደወልሁላቸው።

"አባ፣ ስለዚያች ማጨጃ ሳላመሰግንዎ ቀርቻለሁ።"

"ይህን ለማለት ራስህ እስኪመለጥ ጠበቅህ?" አሉና ሣቁ። ከዚያ ድምፃቸው ዝግ አለ። "ስማ ልጄ፣ አንተ ለእኔ ብለህ ዋሸህ። እኔ ለአንተ ብዬ እውነት መናገር ይቃተኝ?"