በሬው ትራክተር የሆነበት ዘፈን

ባለፈው ሳምንት ጂንካ ገበያ ዳር ሸሚዝ ሳማርጥ፣ ካንድ ባጃጅ ውስጥ የወጣቶች የሮክ ባንድ ጊታር እንደ መጋዝ እየጮኸ መጣና «ትራክተሬ፣ ትራክተሬ» የሚል አዝማች ሰማሁ። ሸሚዝ ሻጩ ልጅ የጥንት የሕዝብ ዘፈን መሆኑን ሲያስረዳኝ ላብ አጠመቀኝ፤ ጥንቱ እኔ ነኛ።

በደርግ ጊዜ በኪነት ቡድናችን ውስጥ ጊታር እመታ ነበር፤ አፍሮዬ ከመትለቁ የተነሳ በበር የምገባው በጎኔ ነው። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ጋሽ ኦይታ የበና ብሔረሰብ ሰው ነበር። በእነሱ ዘንድ ወንድ ለሚወደው በሬ የራሱን ዘፈን ያወጣለታል፣ ሌላ ሰው ያለ ፈቃዱ አይነካውም። የጋሽ ኦይታ በሬ ወይጦ አካባቢ በገንዲ በሽታ ሞቶበት የቀረው ዘፈኑ ብቻ ነበርና፣ ከሰዓት በኋላ አጥሩ ሥር ሁለት እጁን እንደ ቀንድ ዘርግቶ ሲያዜመው፣ እንኳን እኛ ፍየሎቹም ማመስኳታቸውን የሚተዉ ይመስለኝ ነበር።

ዘፈኑን ስጠኝ ብዬ ወር ሙሉ ለመንኩት። በመጨረሻ «የበሬዬን ስም በድምፅ ማጉያ ትጠራዋለህ?» አለኝ። እጠራዋለሁ ብዬ ማልኩ።

የአብዮት በዓል ሲደርስ ግን ጭብጨባ አማረኝ። ማንም ሳያስገድደኝ የበሬውን ስም ከዘፈኑ ሰረዝኩና፣ ከፎቶ በቀር አይቼው የማላውቀውን ትራክተር ከተትኩበት። ጊታሬን ሳስጮኸው ሜዳው በጭፈራ አቧራ ሆነ፤ ጭብጨባው ሃና ከተማ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ጋሽ ኦይታ ለበዓሉ ጸጉሩን እንደ አገሩ ደንብ በሸክላ ጭቃ አሠርቶ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ አዝማቹ በመጣ ቁጥር አንገቱን ወደ ድምፅ ማጉያው ያሰግጋል። እኔ ዓይኔን ወደ ጊታሬ ክሮች ሰበርኩ።

ሲያልቅ መጥቶ «መቼ ጠራኸው?» አለኝ።

እንደ ልማዴ አፌ ቀደመኝ፤ «ሦስት ጊዜ ጠራሁት እኮ ጋሼ፣ ጄኔሬተሩ ነው የዋጠው።»

አመነኝ። ጉንጬን በሁለት እጁ ይዞ መረቀኝ። ከዚያ ወዲያ ላገኘው ሁሉ በሬው ጂንካ ላይ ሦስት ጊዜ መጠራቱን ሲያወራ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ አዎን እያልኩ ራሴን እነቀንቅ ነበር።

እሱ ከሞተ ቆይቷል። በዕድሜዬ ብዙ ዋሽቻለሁ፣ አብዛኛው እስካሁን ያስቀኛል። ይሄኛውን ላስተካክለው ብዬ ሰሞኑን ዜማውን ከመጀመሪያው እያንጎራጎርኩ እወርዳለሁ። የበሬው መልክ ከግጥሙ ትዝ ይለኛል፣ ሆዱ ነጭ፣ ጀርባው ጥቁር፣ ግራ ቀንዱ ወደ ጆሮው የታጠፈ። ስሙ የሚገባበት ቦታ ስደርስ ግን እቆማለሁ፤ ረስቼዋለሁ።