ባለቤቴ ከባህር ይዛው የመጣችው ቃል

ባለቤቴ የዚህ አገር፣ የደቡብ አፍሪካ ሰው ናት። የተዋወቅነው ጆሃንስበርግ አጠገብ ቮስሎሩስ በሚባል ሰፈር ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ በከፈትኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ዳቦ ልትገዛ እየመጣች፣ ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ማዶ ቆማ ስታጫውተኝ ከርማ፣ አንድ ቀን «ቋንቋህን አስተምረኝ» አለችኝ። አማርኛ አስተማርኳት። እኔ አፌን የፈታሁት በሀድይኛ ነው። ግን ጆሃንስበርግ ያለነው ከወላይታም ከከምባታም ከስልጤም መጥተን የምንግባባው በአማርኛ ስለሆነ «ሀድይኛ ምን ያደርግልሻል?» አልኳት። ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ትሠራ ነበር። ቅዳሜ ደግሞ የባህር ኃይል ተጠባባቂ ናት። ባህር በሌለበት ከተማ ምን ባህር ኃይል አለ ብዬ ስቄባት ነበር። የሚለማመዱት ከከተማው በስተደቡብ ያለ ሐይቅ ላይ ነው። በትናንሽ ፈጣን ጀልባዎች ይዞራሉ፣ ሆን ብለው ይገለብጧቸውና መልሰው ያቀኗቸዋል፣ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ብብቱን ይዘው ይጎትታሉ። ሱቁን ለወንድሜ ትቼ ዳር ቆሜ አያታለሁ። በእርጥብ ልብሷ እየተንቀጠቀጠች ስትመጣ ፊቷ ላይ የሚታየውን ደስታ ሌላ ቦታ አይቼው አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ለሦስት ወር ተጠራች። በሰሜን በኩል ባህሩን የሚጠብቅ መርከብ ላይ መደቧት፤ ትናንሾቹን ጀልባዎች እያወረዱ በባህሩ ላይ የሚያልፈውን ይፈትሻሉ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ትደውል ነበር። ኋላ ወሬዋ እያጠረ መጣ። ስትመለስ ከስታለች። ቦርሳዋን ሳትፈታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«የተገለበጠ ጀልባ አገኘን» አለችኝ። «ስደተኞች ናቸው፣ ያንተ አገር ሰዎች። አንዲት ሴት ጎትቼ አወጣሁ። ‹አይዞሽ› አልኳት፣ አንተ እንዳስተማርከኝ። እጄን ጭብጥ አድርጋ ይዛ አንድ ነገር ደጋግማ ነገረችኝ። አማርኛ አይደለም። መርከቡ ጋ ሳንደርስ ሞተች።»

ድምፁ እንዳይጠፋባት በየቀኑ ለራሷ ስትለው ከርማለች። አለችልኝ። ተሰባብሯል፤ ግን ሀድይኛ ነው። «ልጄ ከሥር ናት» ማለት ነው።

«ልጆች ነበሩ?» አልኳት።

«አንዲት ሕፃን። ቆይተን ጀልባውን ስናቀና ከሥሩ አገኘናት።» ቀና ብላ አየችኝ። «ምን ነበር ያለችኝ?»

«ተባረኪ ነው ያለችሽ።»

አለቀሰች። ከዚያ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ተኛች፣ ረጅም እንቅልፍ። ደግ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ለእህቷም፣ ለጓደኞቿም «ተባረኪ አለችኝ» እያለች ተናገረች። ወደ ልምምዷም ተመለሰች። አንድ እሑድ ከእኔ ጋር ቤተ ክርስቲያን መጣች። ከአምልኮ በኋላ እኔ ወንበር ሳነሳ፣ እሷ ከሆሳዕና ከመጡ ሀድይኛ ተናጋሪ አንዲት እናት ጋር ተቀምጣ ታወራለች። ቃሉን ስትልላቸው ሴትዮዋ አፋቸውን በነጠላቸው ሲሸፍኑ ከሩቅ አየሁ። ወንበሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። እኔ ምን ብዬ እንደተረጎምኩላት እሳቸው ምን ያውቃሉ? ስትጠይቃቸው ነገሯት።

ቤት ስንገባ፣

«ያን ቀን ብትነግረኝ አብረን እናለቅስ ነበር» አለችኝ።

«እንዳትጎጂ ብዬ ነው።»

«እኔን ነው የለመነችኝ፤ አንተን አይደለም። ልጇን አውጪልኝ ስትለኝ፣ እኔ መረቀችኝ እያልኩ ለሰው ሳወራ ከረምኩ።»

አልተፋታንም። የባህር ዳርቻ ከተማ ሥራ አገኘችና ሄደች፤ እዚያም ከባህር ኃይሉ ተጠባባቂዎች ጋር ጀልባ ላይ ትወጣለች። ስትደውል ድምፅዋ ቀና ነው፣ ወደ ቤት ስለመመለስ ግን አታነሳም። አንድ ነገር ብቻ ጠይቃኛለች፤ ባህር ላይ የሞተችውን ሴት ቤተሰብ እንድፈልግ። አገር ቤት፣ ሀድያ፣ በየቀበሌው በየአጥቢያው ደወልኩ። ልጃቸው ሕፃን ይዛ ወጥታ የጠፋችባቸው ቤተሰቦች ከጠበቅኩት በላይ ብዙ ናቸው። ባለቤቴ የነገረችኝን ሁሉ፣ የቀሚሷን ቀለም፣ አንገቷ ላይ ያለውን ጠባሳ፣ የመጨረሻ ቃሏን፣ ሳላለሳልስ እነግራቸዋለሁ። እስካሁን የማንም ልጅ አልሆነችም። በቀደም አንዲት እናት ጠባሳውን ስነግራቸው «የኔ አይደለችም!» ብለው እልል አሉ። ወዲያው ደግሞ ስልኩን ሳይዘጉ ለማያውቋት ሴት አለቀሱ።