ወፍጮ ነው ያልኩት ድምፅ

ከመካነ ሰላም የወጣሁ ዕለት፣ መግሪብ ላይ፣ ሰማዩ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርም ነበር። ባለቤቴ ሰዓዳ ክንዴን ይዛ «ምንድን ነው?» አለችኝ። «ወፍጮ ነው» አልኳት። ወፍጮ ቤቱ ናፍጣ ካጣ ቆይቷል፤ ሁለታችንም እናውቃለን። ድሮን ሰው የተሰበሰበበትን ይመታል ስለተባለ፣ ለቅሶ እንኳ ያለ ዳስ፣ ሁለት ሁለት እየሆንን እንቀመጥ ነበር።

በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በባሕር አድርጌ ሎንዶን ገባሁ። ባሕሩን አልተርክላችሁም፤ ያለፈበት ያውቀዋል። እዚህ ብርዱ ከአገሬ ደጋ፣ ከአቀስታ ይብሳል፤ የአቀስታው ብርድ ቢያንስ ገብስ ያበቅላል።

ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ ነውና የተለጠፈ ሁሉ አያልፈኝም። ባቡር ጣቢያ ላይ የመንግሥት የሽብር ማስጠንቀቂያ በሰባራ እንግሊዝኛዬ አነበብኩ፤ አደጋው ከፍተኛ ነው፣ በድሮንም ሊመጣ ይችላል፣ ኑሯችሁን ቀጥሉ ይላል። እኛን ማንም ሳያስጠነቅቀን ነው የሸሸነው፤ እነዚህ ተነግሯቸው ቡና ይገዛሉ! አከራዬን፣ ፓኪስታናዊውን ሐጂ፣ ጠየቅኩት።

«ወዴት ነው የምንሸሸው?»

«የትም። አለርት መሆን ነው፤ ነቅቶ መጠበቅ።»

«አለርት ሆኜ ምን ላድርግ?»

«ቆሻሻውን አውጣ። ዛሬ ተራህ ነው።»

ከዚያ የሐጂ ልጅ ተዳረች። ሜዳ ላይ ነጭ ድንኳን፣ ሰው በሰው ላይ። ያ ድምፅ በላያችን መጣ። ሳህኔን ጥዬ በአማርኛ «ተበተኑ! ዛፍ ስር ግቡ!» ብዬ ጮህኩ፤ አንዲት አሮጊት ጎትቼ ዛፍ ስር ከተትኩ። ሐጂ እየሳቀ መጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሙሽራዋን ፎቶ የሚያነሳ ነው እኮ!»

«የኛም መጀመሪያ ፎቶ ነው የሚያነሳው» አልኩት።



ዛሬ ደግሞ የኔዋ ልጅ ዘይነባ ተዳረች። ወንድሜ ወኪሌ ሆኖ ኒካሑን አሰረ። ለሰዓዳ ስልክ ደወልኩ።

«ዳስ እንዳትጥሉ ብያችሁ ነበር። በየቤቱ ተከፋፍላችሁ ብሉ።»

«ልጄን ተደብቄ ልዳር? ሽማግሌዎቹ የት ተቀምጠው ይመርቁ?»

«ቆመው ይመርቁ!»

«ወላሂ፣ እዚያ ሄደህ ባሰብህ! ዳሱ ቆሟል፣ ሰዉም ሞልቷል። ስማው እስቲ!»

ስልኩን ወደ ዳሱ አዞረችው። እልልታ ሰማሁ። ከእልልታው በላይ ደግሞ የሚያጉረመርም ነገር ሰማሁ። እልልታው ቆመ፤ እሱ አልቆመም።

«ሰዓዳ፣ ምንድን ነው?»

 ያኔ እኔ እንዳልኳት፣ ቀስ ብላ፣

«ወፍጮ ነው» አለችኝ።